ሰይፍ በእሳቱ ሰ

አባ ዘንዶ በዕድሜው ሰባት መንግሥት ገልብጧል፤ ሁለት ባሕር አድርቋል፤ አንዲት ጠንቋይ አግብቶ ፈትቷል። ይህን ሁሉ ያደረገው ግን ከወንበሩ ሳይነሣ ነው። ያን ቅዳሜ ወደ ማምሻው ላይ ከወንበሩ ወድቆ ተገኘ፤ ፊቱ ምንጣፉ ላይ፣ ማጅራቱ ተመትቶ፣ ከጎኑ የገዛ ራሱ የቧንቧ መፍቻ ተጋድሞ። መፍቻው ተወልውሎ ከመጽዳቱ የተነሣ ከተገዛበት ቀን ጀምሮ እንደዚያ አብረቅርቆ አያውቅም።

ሟቹ ቀን ቀን የሰው ቤት ቧንቧ ይጠግን ነበር። ከሥራ መልስ ደግሞ የ«ዘንዶ ጓዳ» አባወራ ነው። የዘንዶ ጓዳ በኢንተርኔት ላይ የተቀለሰ የጸሐፊዎች ጎጆ ነው፤ ክንፍ ያለውን፣ ቀንድ ያለውን፣ እሳት የሚተፋውን ሁሉ የሚጽፉ ሰዎች ምዕራፋቸውን እዚያ ይለጥፋሉ፣ ሌሎቹ አስተያየት ይሰጣሉ። ሕጉ አንድ ነው፦ «ሁለት ማር፣ አንድ ሬት»። ሁለት ነገር ታመሰግናለህ፣ አንድ ነገር ትነቅፋለህ። ማር ብቻ የሚያጎርስ አወዳሽ፣ ሬት ብቻ የሚያጎርስ ምቀኛ ይባላል።

ጉዳዩ የተሰጠው «ወንፊት» ለሚሏት መርማሪ ነው። ስሙን ያወጡላት ሌቦች ናቸው። ወሬውን ሁሉ ዝም ብላ ታሳልፈዋለች፤ ጠጠሩ ግን ከላይ ይቀርላታል።

እሷ ስትደርስ ሳጅኑ ምርመራውን ጨርሶ ላቡን ይጠርግ ነበር። ለመሮጥ የማይቸኩል እግር፣ ለመፍረድ ግን የሚቸኩል አፍ የተሰጠው ሰው ነው።

«ኢንስፔክተር፣ አይድከሙ፤ ያለቀ ነገር ነው። ኮምፒውተሩን ይዩት።»

ማያው ላይ የሟቹ የመጨረሻ ምዕራፍ ተከፍቷል፤ ዓረፍተ ነገሩ መሃል ላይ ተቆርጧል። ሬሳውን ያገኘው ታናሽ ወንድሙ፣ ጋራዥ ውሎ እጁ ግራሶ እንደሆነ፣ በሩን ተደግፎ ቆሟል።

«ይሄ የወንድምህ ጽሑፍ ነው?» አለችው።

«የእሱ ነው። ግን...» ቀረብ ብሎ አጮለቀ። «ንጉሥ የምትለዋ እንዴት ሆነች?»

«ምን ሆነች?»

«ወንድሜ ንጉስን በእሳቱ ሰ ነው የሚጽፈው፤ ዕድሜ ልኩን። በንጉሡ ሠ ጻፍ ሲሉት ‹ንጉስ ዘውዱ ይበቃዋል፣ የራሱ ፊደል ምን ያደርግለታል?› ይላል። እኔ ታሪኩን አላነብም፣ እንቅልፌን ያመጣዋል፤ ስለዚች ፊደል ግን ጭቅጭቁን በግድግዳ ስሰማ ነው የኖርኩት።»

ሁለቱ ሰ ሞክሼ ናቸው፤ ድምፃቸው አንድ፣ መልካቸው ሁለት። አንዱ «ንጉሥ» ላይ ስለሚቀመጥ ንጉሡ ሠ፣ ሌላው «እሳት» ውስጥ ስለሚነድ እሳቱ ሰ ይባላል። የትኛው የት እንደሚገባ የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ የሚጨቃጨቅበት ግን ሞልቷል።

«ከማን ጋር ነበር ጭቅጭቁ?»

«ከእትዬ አራት ነጥብ ጋራ!» ሳጅኑ ቀደመ። «ማተሚያ ቤት አራሚ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የቤት ኪራይ ማስታወቂያ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙ ሴትዮ! ዛሬ ከሰዓት እዚህ መጥተው ከሟቹ ጋር ተጣልተዋል። መቱት፣ ሊወጡ ሲሉ ጽሑፉን አዩት፣ እጃቸው አላስቻላቸውም፤ አረሙት።»

«ሰው ገድለው፣ ቁጭ ብለው እርማት?»

«እርስዎ አያውቋቸውም፣ ኢንስፔክተር።»

ቅዳሜ ከሰዓት የአባ ዘንዶ በር ለጓዳው ሰዎች ክፍት ነው፤ ማንም አያንኳኳም። ከፊት ለፊት ያለችው ልብስ ሰፊ ሦስት ሰዎች በየተራ ሲገቡ አይታለች፦ አራት ነጥብ፣ ጭጋግ እና ክንፎ። ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ ግን አታውቅም፤ ዓይኗ መርፌዋ ላይ ነበር። ወንድሙ እስኪመለስ ድረስ ጋራዡ ውስጥ በባልደረቦቹ መሃል መኪና ሥር ተኝቶ ውሏል።

«አለቃችን እስከ ነገ ማታ ሰው ይታሰር ብለዋል» አለ ሳጅኑ፣ ካቴናውን እየዳበሰ። «እኔ እትዬን ላምጣ?»

«ነገ አብረን እንሄዳለን። ካቴናውን ኪስህ አድርገው፤ እንዳይንኳኳ።»

*

እሑድም ቢሆን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ መኪናው ይጮኻል፣ ሰው ደግሞ ከመኪናው በላይ ይጮኻል። አራት ነጥብ ከሁሉም ጥግ ተቀምጣለች፤ ቀጭን፣ መነጽሯ በክር አንገቷ ላይ የተንጠለጠለ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ጸጉሯ ውስጥ የሰካች ሴት።

«ተጣልተናል» አለች ሳትጠየቅ። «ከጓዳው ላስወጣሽ ነው አለኝ። ጀማሪዎቹን ታስለቅሻለሽ አለኝ። እኔ ያስለቀስኩት ያለቦታው የገባ ፊደል እንጂ ሰው አይደለም አልኩት። በሩን ወርውሬ ወጣሁ።» መነጽሯን አወለቀች። «ደህና ዋል እንኳ አላልኩትም። ከዚያ መንደር ሌላ ሰው የለኝም፤ ቤቴ ስገባ የሚያናግረኝ እሱ ነበር።»

ወንፊት ከኮምፒውተሩ ያሳተመችውን ገጽ ጠረጴዛው ላይ አኖረችላት። ሴትዮዋ እንባዋን ጠርጋ ማንበብ ጀመረች። ወዲያው እስክሪብቶዋ ማንም ሳያዘው ከጸጉሯ ወጣ። ንጉሥን አለፈችው። ሠራዊትን አለፈችው። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?»

«ሠይፍ! ሰይፍን በንጉሡ ሠ! የትኛው መሃይም ነው ይሄን የነካካው?»

«እትዬ» አለ ሳጅኑ፣ «ያረሙት እርስዎ ነዎት ነው የሚባለው።»

«እኔ?» የማተሚያው መኪና ራሱ ዝም ያለ መሰለ። «እኔ ሰይፍን በንጉሡ ሠ?»

«እትዬ፣ የተጠረጠሩት እኮ በነፍስ ግድያ ነው!»

«እሱን ዳኛ ያየዋል! ይሄን ግን በሕይወት እያለሁ አልፈርምበትም! ሰይፍ በእሳቱ ሰ ነው! አሁን ሥራ ቤት ውስጥ ምን ይሉኛል?» ብላ ገጹን በቀይ ከበበችው። ከበባውም አልበቃት፤ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ውጭ ሲወጡ ሳጅኑ አላመነም። «አውቀው ቢሳሳቱስ? እኛን ሊያጭበረብሩ?»

«ራሱን መደበቅ የፈለገ አራሚ ንጉሡንም አይነካውም። ጽሑፉን እንደነበረ ትቶት ይሄዳል።» ወንፊት የመኪናውን በር ከፈተች። «ይሄን ያደረገው እሷን ለመምሰል የፈለገ፣ ግን የእሷን ዕውቀት ያልያዘ ሰው ነው። ሁለቱን በዕድል መታ፤ ሦስተኛው ላይ አነከሰ።»

*

ጭጋግ መድኃኒት ቤት ውስጥ ይሠራል። ስሙን ያገኘው የሚጽፈውን ማንም ስለማይረዳው ነው። አንድ ጊዜ አንዲት አንባቢ አሥር ገጽ አንብባ «ፈረሱ የቱ ጋ ነው የሞተው?» ብትለው፣ «ፈረስ የለም፤ ናፍቆት ነው» ብሎ መለሰላት አሉ።

«ሞት ምንድን ነው፣ ኢንስፔክተር?» አለ ነጭ ካፖርቱን እያስተካከለ። «በር ነው? ወይስ የበር ጥላ?»

«ለእኔ የሥራ ሰዓት ነው። አባ ዘንዶ ሬት አብዝቶብህ ነበር ይባላል።»

«‹ጭጋጉ ሲገለጥ ታሪኩም አብሮ ይሄዳል› ብሎ ሰው ሁሉ በሚያነበው ቦታ ጻፈብኝ።»

«ተናደድክ?»

«ሳምንት ሙሉ። ከዚያ ደግሜ ሳነበው...» ትከሻውን ሰበቀ። «ፈረስ ማስገባት ነበረብኝ።»

እያወራ በመድኃኒት ፖስታ ላይ ይጽፋል፦ «ከፀሐይ ይጠበቅ»። ወንፊት አንገቷን አስግጋ አየችው፤ ፀውም ሐውም በየቦታቸው ናቸው።

«ሞክሼ ፊደል ማን አስተማረህ?»

«አባቴ። በአለንጋ።»

«ሰይፍ?»

«እሳቱ ሰ።» በሕይወቱ እንደዚያ አጭርና ግልጽ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ለራሱም ገረመው መሰለኝ፤ ወዲያው ጉሮሮውን ጠረገ። «አንድ ነገር ልንገርዎት። ቅዳሜ ሳገኘው ደስ ብሎት ነበር። ‹ነገ ጓዳው ውስጥ አንድ ጭምብል አወልቃለሁ፤ ሬት የማያውቅ ምላስ አግኝቻለሁ› አለኝ። የማን እንደሆነ ብጠይቀው ሳቀ። እኔ ምሳሌያዊ አነጋገር መስሎኝ አደነቅኩት።»

«አንተ እንኳ ቀጥተኛውን ወሬ ምሳሌ ታደርገዋለህ» አለ ሳጅኑ።

ወንፊት መኪና ውስጥ ገብታ ስልኳ ላይ የዘንዶ ጓዳን ስታገላብጥ ቆየች። ሰው ሁሉ ሁለት ማር አንድ ሬት ይላል፤ የቅርብ ጓደኛሞችም ሳይቀሩ። አንድ ስም ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ፦ «የጨረቃ ልጅ»። ፎቶ የላትም፣ ታሪክ ጽፋ አታውቅም፤ አስተያየት ብቻ። ለሌላው ጸሐፊ ሬት በሬት ነች። ለአንድ ሰው ግን ማር፣ ማር፣ ማር።

«ሳጅን፣ እናትህ ለልጅነት ሥዕልህ ምን ትልህ ነበር?»

«‹የኔ ጌታ፣ ጎበዝ፤ ግን ላሟ እግር አነሳት›።»

«አየህ? እናት እንኳ ሬቷን ጣል ታደርጋለች። ጨርሶ ሬት የማይሰጥ ማን ነው?»

ሳጅኑ አሰበ። ሲያስብ ቅንድቡ ይሠራል። መልሱ ግን የክንፎ ፎቶ ቤት በር ላይ እስኪደርሱ አልመጣለትም።

*

ከበሩ በላይ «ንጉስ ፎቶ ቤት» ይላል፤ በእሳቱ ሰ። ወንፊት ቆም ብላ አነበበችው። ባለቤቱ ክንፎ ነው፤ የጓዳው ኮከብ፣ ጸሐፊዎች ሁሉ የሚቀኑበት፣ ፈረስ ላይም ድመት ላይም ክንፍ የሚያበቅል ሰው። አንድ አሳታሚ በአንባቢዎቹ ብዛት ተማርኮ መጽሐፉን ሊያትምለት ነው።

«ግቡ፣ ግቡ! ወንበር ላምጣላችሁ» አለ። ኮምፒውተሩ ላይ የአንዲት ሙሽራ አፍንጫ እያሳነሰ ነበር።

«ቅዳሜ አባ ዘንዶ ጋ ምን ልታደርግ ሄድክ?»

«እንኳን ደስ አለህ ሊለኝ ጠርቶኝ። ተቃቅፈን ተለያየን። እትዬ አራት ነጥብ ጋር መጣላቱን ነግሮኝ አዝኖ ነበር።» ራሱን ነቀነቀ። «ምስኪን እትዬ። እርማት ሱስ ነው፣ ኢንስፔክተር። ሱስ ደግሞ...» ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም፤ ለሰሚው ተወው።

«የጨረቃ ልጅ ማን ናት?»

እጁ ለቅጽበት ቆመና ቀጠለ። «አንባቢዬ ናት። በአካል አላውቃትም።»

«ታደንቅሃለች።»

«ትረዳኛለች» አለ ዝግ ብሎ። «ይለያል።»

«ለሌሎቹ ግን ክፉ ነች።»

«ጨካኝ ሳትሆን እውነተኛ ናት። ብዕሯ ስል ነው።»

«ክንፎ» አለች ወንፊት።

«አቤት?»

«አፍንጫው አለቀ።»

ዘወር ብሎ አየ። ከሙሽራዋ ፊት ላይ አፍንጫ የሚባል ነገር ጨርሶ ጠፍቷል፤ ከዓይኗ ወደ ከንፈሯ ሜዳ ሆኗል። ሳጅኑ «እኔ እንኳ አምሮባታል ልል ነበር» አለ።

*

በዚያው ከሰዓት ሁሉም የሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ወንድሙ መስኮቱ ላይ፣ ጭጋግ መጻሕፍት መደርደሪያው ሥር፣ ክንፎ በሩ አጠገብ። አራት ነጥብ ከሳጅኑ ጎን ተቀምጣለች። ቦርሳዋን እቅፏ ላይ ይዛዋለች፤ እስር ቤት የምትለብሰውን ሹራብ ከቤቷ አምጥታለች። የአባ ዘንዶን ወንበር ማንም አልደፈረውም።

«አጭር አደርገዋለሁ» አለች ወንፊት። «ሟቹ ንጉስን በእሳቱ ሰ ይጽፋል። ኮምፒውተሩ ላይ ግን ንጉሥ በንጉሡ ሠ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ጽሑፉን የነካ ሌላ ሰው አለ። ሁላችንም ጣታችንን ወደ እትዬ ቀሰርን።»

«እኔ መጀመሪያም—» አለ ሳጅኑ።

«አንተ መጀመሪያ ቀሰርክ። ነገር ግን ያው እጅ ሰይፍንም ወደ ሠይፍ ቀይሮታል። እትዬ ሰው ሊገድሉ ይችሉ ይሆናል፤ አላውቅም።»

«አመሰግናለሁ» አለች አራት ነጥብ።

«ሰይፍን በንጉሡ ሠ ግን አይጽፉም። ጭጋግም አይጽፍም፤ አለንጋው አይለቀውም። ወንድምየው ጋራዥ ነበር፤ ደግሞም ይሄን ፊደል ለውጦ በእትዬ ሊያላክክ የፈለገ ሰው፣ ‹ይሄ የወንድሜ አይደለም› ብሎ ቀድሞ አይጠቁመንም፣ እስክናየው ይጠብቃል።»

ክንፎ ፈገግ አለ። «እኔ ደግሞ ሁሉንም በእሳቱ ሰ ነው የምጽፈው። በሬ ላይ ተለጥፏል።»

«አይቼዋለሁ። ክንፎ ሆነህ ስትጽፍ ንጉሡን ሠ አትነካውም። ልክ ነህ።» ወረቀት አወጣች። «የጨረቃ ልጅ ግን ትነካዋለች። ሠላም ትላለች፤ ሠማይ ትላለች፤ ሠይፍ ትላለች። ሁሉም ቦታ ንጉሡ ሠ፤ የተማረች ለመምሰል። ይህ ገጽ ላይ ያለው እጅና የእሷ እጅ አንድ ነው። አባ ዘንዶ ዛሬ ሊያወልቀው የነበረው ጭምብልም የእሷ ነው፤ ሬት የማያውቀው ምላስ።»

«እንግዲያውስ ፈልጓት!» አለ ክንፎ። «እኔ ምን አገባኝ?»

«እየፈለግናት ነው። ግን ሳነባት ገረመኝ፤ እንዲህ ያለ ድሃ ጽሑፍ! ስሙት፦» መነጽሯን አድርጋ ማንበብ ጀመረች። «‹የክንፎ ብዕር በሠማይ ላይ እንደ ሻይ ማንኪያ ያበራል።›»

ጭጋግ ሳቀ። ወንድምየው እንኳ፣ ከወንድሙ ሞት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ።

«ማንኪያ አይልም» አለ ክንፎ።

«እዚህ ማንኪያ ነው የሚለው። ‹እንደ ሻይ ማንኪያ ያበራል፤ አንባቢውንም ያማስላል›።»

«ያማስላል?!» የክንፎ ፊት ቀላ። «የምን ማማሰል! ማን ያሳተመው ነው? እኔ እንደዚያ አልጻፍኩም!»

ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። ቃሉ ክፍሉን ዞሮ፣ ባዶው ወንበር ላይ ሄዶ ተቀመጠ። ውጭ የልብስ ሰፊዋ መኪና ብቻ ትሰማለች።

«ማለቴ... እንደዚያ አልተጻፈም ለማለት...»

«‹እንደ ሠይፍ ያበራል› ነው የሚለው» አለች ወንፊት ወረቀቱን እያጠፈች። «ልክ ነህ። በንጉሡ ሠ። ገዳይ ሁሉ አፉን ይዞ ዝም ይላል፤ ጸሐፊ ግን ዓረፍተ ነገሩ ሲበላሽበት ዝም ማለት አይችልም። ሌላ ሰው መሆን ስትፈልግ ያለህ ጭምብል አንድ ብቻ ነው፤ በፊት አድናቂ ሆነህ አጠለቅከው፣ ቅዳሜ ደግሞ እትዬን ለመምሰል። ስልክህን አምጣ። የጨረቃ ልጅ እዚያ ውስጥ ነው የምትኖረው።»

ክንፎ ስልኩን አወጣ፤ እጁ ላይ ትንሽ አቆየው።

«መጀመሪያ አንድ ማር ብቻ ነበር የፈለግኩት» አለ። «ስንት ምዕራፍ ለጥፌ ማንም አያየኝም ነበር። አንድ ቀን ራሴን አመሰገንኩ። ያን ጊዜ ሰዉ መምጣት ጀመረ። ቅዳሜ አባ ዘንዶ ‹ነገ እነግራቸዋለሁ፤ ከዚያ ክንፍህን ራስህ ታበቅላለህ› ብሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ ጽሑፉ ዞረ። እየሳቀ። መፍቻው እዚያ ነበር።»

«አልሳቀብህም» አለ ጭጋግ፣ ያለ ምንም ጭጋግ። «ያንተን ምዕራፎች ለአሳታሚው የላከው እሱ ነው።»

ክንፎ ቃሉን በእጁ ጻፈ። ሳጅኑ ወረቀቱን ይዞ ሲያልፍ አራት ነጥብ ሰረቅ አድርጋ አየችው፦ «ሠው ገድያለሁ» ይላል። እጇ ወደ ጸጉሯ ሄደ፤ እስክሪብቶው ወጣ፤ ጫፉ ወረቀቱ ላይ ሊያርፍ አንድ ጣት ሲቀረው ቆመ።

«እንዲሁ ይቆይ» አለች መልሳ እየሰካችው። «ማስረጃ ነው።»

ሳጅኑ ካቴናውን ከኪሱ አወጣ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ተንኳኳ።

ሁሉም ከወጡ በኋላ አራት ነጥብ ወንድምየውን አስፈቅዳ የሟቹ ኮምፒውተር ፊት ተቀመጠች። ሹራቧን ወንበሩ መደገፊያ ላይ አኖረች። ሠይፍን ወደ ሰይፍ መለሰች፤ እሱ ቀላል ነበር። ከዚያ ንጉሥ ላይ ደረሰች። ዓይኗን ጨፈነች፤ ንጉስ ብላ ጻፈችው፣ እንደ እሱ። ሠራዊትንም ሰራዊት አደረገችው። ምዕራፉን ጓዳው ውስጥ ለጠፈችው፤ መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ንጉሱም ሰይፉን ጣለ። ሰራዊቱም ወደ ላይ ሲያይ ዘንዶው ገና እየበረረ ነበርና»

ከሥሩ አስተያየት ጻፈች፤ አንድ ማር፣ ሌላ ማር። ሬቱ ጋ ስትደርስ ብዙ ቆይታ ተወችው። አንባቢው ሁሉ ታሪኩን የለጠፈችው ማን እንደሆነች ያውቃልና፣ መጨረሻው ላይ አራት ነጥቡን እስክታስቀምጥ ጠበቀ።

አላስቀመጠችም።